ገዳዩን አስቀድሞ መንገር

“ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ንገሪያቸው” አለ ከበበው፣ ማይክሮፎኑን ገና ሳይለቅላት።

ሲንቄ አምቦ ውስጥ አስተማሪ ናት። እሁድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ የውጭ ፊልም ሲታይ፣ ቀድማ ለብቻዋ አይታው፣ እንግሊዝኛውን እየሰማች በአማርኛ ትተረጉማለች፤ ሲያስፈልግም በኦሮምኛ ትደግመዋለች። ከበበው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው።

“ጓድ ከበበው፣ ገዳዩ ከታወቀ ምኑ ይታያል?”

“ትምህርቱ ነዋ።”

“ፊልሙ እኮ የገዳዩን ጫማ ብቻ ነው የሚያሳየው። ፊቱን የደበቀው ሆን ብሎ ነው፤ ሰው የማን ጫማ ይሆን እያለ እንዲቀመጥ።”

“ባለፈው እንዲሁ ብለሽ አስጨበጨብሽብኝ።”

ባለፈው ወር ለድሆች መድኃኒት የሚያድል ባላባት ሲታይ አዳራሹ አጨበጨበ፤ መጨረሻ ላይ ገዳዩ እሱው ሆኖ ተገኘ። ከአውራጃ የመጡት እንግዶች ግን ፊልሙን አቋርጠው ወጥተው ነበርና፣ ‘ቀበሌህ ለባላባት ያጨበጭባል’ ተብሎ ከበበው ተገመገመ።

“እነሱ አቋርጠው ለወጡት እኔ ምን ላድርግ?”

“ዛሬም መጥተዋል። እዚያ ሩቅ ገጠር ካቺሲ አስተማሪ እንደጎደለ ደግሞ ታውቂያለሽ” ብሎ መብራቱን አስጠፋ።

ሲንቄ ጥርሷን ነከሰች። ይህ ሕዝብ መጠበቅን የለመደው በስንት መከራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አዲስ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ‘ደጉ ነው ክፉው?’ እያሉ ያደርቋት ነበር፤ አሁን ራሳቸው ይጠረጥራሉ፣ ይሟገታሉ።

ፊልሙ ሲጋመስ ጫማው ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

“ወንድምየው ነው” አለች ሻይ ቤት ያላት አዴ ጉዴ ከፊት ወንበር። “ሲጠጣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ።”

“በእጅ መንቀጥቀጥማ እርስዎም አያመልጡም” አለ ጨርቅ ነጋዴው ፈዲሉ። “ጠዋት ሻዩን ሱሪዬ ላይ ነው የቀዱልኝ።”

አዳራሹ ሳቀ። ከበበው ሲንቄን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

“አሁን ንገሪ።”

ሲንቄ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። “ጓድ ከበበው ገዳዩን አሁኑኑ ንገሪ ብለውኛል። ሰፊው ሕዝብ ይወስን። ልንገር?”

“ያ ሲንቄ፣ እንዳትሞክሪው” አለች አዴ ጉዴ፣ ስሟን በኦሮምኛ አጠራር ጠርታ።

“ድምፅ ይሰጥ” አለ ፈዲሉ። “አትናገር የምትሉ?”

በጨለማው ውስጥ የእጅ ጫካ በቀለ። ከአውራጃው እንግዶች አንዱም እጁን አውጥቷል።

“ሻንጣሽን አዘጋጂ” አለ ከበበው በጆሮዋ።

ፊልሙ ላይ በሩ ተንኳኳ፤ ሴትዮዋ ከአልጋዋ ተነሳች።

“ማነው?” ብላ ተረጎመች ሲንቄ፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም።