በጥፊ የታተመ ድንበር

ክሬባህን ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መነጽሩን ይወልውል። ወልውሎም ካላገኛት አይፈረድበትም፤ ከኮረብታው ማዶ ያለው የግሮስሃርት ከንቲባ እንኳ በየሳምንቱ በመኪና እያቋረጣት እንደሌለች ነበር የሚቆጥራት። አርባ አንድ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ ቢራ ቤት፣ ሦስት ቀን ዝናብ ከቀረ ትንፋሹ የሚጠፋ አንድ ጅረት። ከጅረቱ እስከ ኮረብታው አናት ያለው የጥድ ጫካ ደግሞ የመንደሩ የጋራ ነው። የበረዶው ወራት ሲመጣ አርባ አንዱም ምድጃ የሚነደው ከዚያ በሚቆረጥ እንጨት ነው።

ጋሪ ሠሪው ፋይት በዚህች መንደር ሰባ አራት ዓመት ሲኖር በሁለት ነገር ታወቀ። አንደኛው ውሸቱ ነው። ሁለተኛው፣ ከሰባቱ የቀረው እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

በዚያ አገር መንደር ሁሉ ድንበሩን የሚጠብቁለት ሰባት ሰዎች አሉት። የድንበር ድንጋይ ሲተክሉ ሰው ሁሉ ፊቱን እንዲያዞር አዝዘው ከድንጋዩ ሥር ምልክት ይቀብራሉ። ምልክቱ ምን እንደሆነ ለሚስትም፣ ለቄስም፣ ለዳኛም አይነገርም፤ አይጻፍም። አንዱ ሲሞት ሌላው ይምላል፣ ምስጢሩም በጆሮው ይነገረዋል። በክሬባህ ግን ስድስቱ ሞተው ሲያልቁ የሚተካ ጠፋ። ከፋይት አፍ ምስጢር ተቀብሎ እውነት ነው ብሎ የሚምል ሞኝ ከየት ይምጣ?

ጣጣው የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 መኸር ላይ ነው። መንግሥት ትንንሾቹን መንደሮች ከትልልቆቹ ጋር ሊያዋህድ ተነሥቶ ነበርና፣ ወረዳው የየመንደሩን ታሪክና ጂኦግራፊ የሚጽፍ ሃርትሙት የሚባል ወጣት ሹም ላከ። ሃርትሙት ቢራ ቤት ገብቶ ደብተሩን ሲዘረጋ ከፊቱ የተቀመጠው፣ የእግዜር ቁጣ ሆኖበት፣ ፋይት ነበር።

ፋይትም አስጻፈው። በድሮ ዘመን የስዊድን ጦር የመጣ ጊዜ መንደርተኛው ጣሪያውን ሁሉ በሣር አልብሶ ከላዩ ላይ ላም አሰማራ። ጦሩ ሜዳ መስሎት በጣሪያው ላይ አልፎ ሄደ። አንድ ከበሮ መቺ ብቻ በጭስ ማውጫ ሾልኮ ጎመን ድስት ውስጥ ወደቀ፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬም ጎመን አይበሉም። ጅረቱ ደግሞ አንድ ዓመት ግሮስሃርትን ላለመንካት ሲል ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሽቅብ ፈሰሰ። ሃርትሙት የከተማ ልጅ ነውና ሁሉንም ጻፈ፤ መጽሐፉም ስሙ ፊት ለፊት ሰፍሮበት ታተመ። ወረዳው የበረዶውን ወራት ሙሉ ሲስቅበት ከረመ። ሰው ሃርትሙትን መንገድ ላይ ባየው ቁጥር "ጎመን ትበላለህ?" ይለው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ሃርትሙት ተመልሶ መጣ። አሁን የያዘው አዲሱን ካርታ ነው። በካርታው ላይ ቀዩ መስመር በኮረብታው አናት ሳይሆን በጅረቱ ዳር ያልፋል። ጫካው በሙሉ ከመስመሩ ማዶ፣ ግሮስሃርት ሆኗል።

ቢራ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ባለቤቷ ኩኒጉንደ የመንደሩም ሹም ናት፤ ብርጭቆ የምታጥብበትን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ካርታውን አየችው።

"ይሄ ጠመኔ ለያዘ ሕፃን የተሰጠ ወረቀት ነው። ድንበሩ አናቱ ላይ ነው" አለች።

"ለዚህ ማስረጃ ምንድን ነው፣ ወይዘሮ?"

"የላይኛው ድንጋይ።"

"ድንጋዩ የታለ?"

መልስ የሰጠው ፋይት ነው። "ግንድ ጎታች ትራክተር ነቅሎ ገደል ከቶታል።"

"እንግዲያው ድንጋይ የለም።"

"ጥርስ ስለወለቀ መንጋጋ የለም ይባላል? ከሥሩ ምልክት አለ።"

"ምን ዓይነት ምልክት?"

"እሱን አልነግርዎትም።"

"ማየትስ እችላለሁ?"

"አይችሉም።"

ሃርትሙት እስክሪብቶውን ከደነው። "የጠፋ ድንጋይ፣ የማይታይ ምልክት፤ ተናጋሪው ደግሞ እርስዎ። አቶ ፋይት፣ እኔ እንደ ከበሮ መቺው ሁለተኛ ጊዜ ድስት ውስጥ አልወድቅም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ዞሮ ፋይትን አየው፤ አስተያየታቸው አንገቱን አሳከከው።

"ንገረውና እንገላገል" አለች ኩኒጉንደ።

"ምያለሁ።"

"አንተን ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው መሐላ የያዘህ?"

"ከሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ" አለ ፋይት፤ ድምፁም ቀልድ አልነበረበትም። "ስለሌላው ሁሉ ዋሽቻለሁ። ስለ ድንጋይ አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ጫካውን አንሰጥም፣ ምስጢሩንም አንሰጥም። የግሮስሃርት ሰባቶች ይምጡና ይቆፍሩ። ድንበሩ የጋራ ነው፤ የነሱም ምልክት ከኛው ጎን ተቀብሯል። ቦታውን እኔ አሳያለሁ። የራሳቸውን ምልክት ካገኙ፣ አገኘን ብለው የመናገር ግዴታ አለባቸው።"

"ጠላቶቻችንን ምስክር ልታደርግ?"

"ወዳጅማ የታለኝ?"

የግሮስሃርት ሰባቶች አለቃ ሥጋ ሻጩ ቡርክሃርት ነበር። ፋይት በጎልማሳነቱ የግሮስሃርትን የግንቦት ምሰሶ፣ በየዓመቱ ለበዓል አስጊጠው አደባባይ የሚያቆሙትን ረጅም ግንድ፣ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሰርቋል፤ በየዓመቱም ሁለት በርሜል ቢራ አስከፍሎ ነው የመለሰው። ሦስቱንም ዓመት ዘበኛው ቡርክሃርት ነበር። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሰላምታ የለም። ሃርትሙት ይህን ያውቅ ነበርና ሳይከራከር ተስማማ። "የሰባቶቹ ሕግ ገና አልተሻረም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ። ሦስት ጊዜ ይቆፈራል፤ ካልተገኘ ካርታው ይጸድቃል" አለ።

ፋይት ሲወጣ ኩኒጉንደ በሩ ላይ ያዘችው።

"ቦታውን ታውቀዋለህ አይደል?"

"እንደ መዳፌ።"

"ይህም ከውሸቶችህ አንዱ ከሆነ፣ እዚህ ቤት ሁለተኛ ቢራ አትቀምስም። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አርባ አንዱም በር ይዘጋብሃል።"

እንደ መዳፌ ያለው ግን ውሸት ነበር። ፋይት ድንጋዩን ያየው በሰባት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድንበሩ እየተዞረ ሲታይ የእሱ ድርሻ ሁልጊዜ የታችኞቹ ድንጋዮች ነበሩ። በሰባት ዓመቱ፣ የሁለቱም መንደር ሰው ድንበሩን በእግር በሚዞርበት ቀን፣ እንደ ልጅ ሁሉ ድንጋዩ አጠገብ አቁመው በጥፊ አጮሉት፤ ቦታውን ዕድሜ ልኩን እንዳይረሳ። የመታው የቡርክሃርት አባት ነው። ቡርክሃርትም በዚያው ቀን፣ በዚያው ድንጋይ፣ ከፋይት አባት እጅ ድርሻውን ቀምሷል።

ክፋቱ፣ ፋይት ያንን ጥፊ በየቢራ ቤቱ ሺህ ጊዜ ተርኮታል። አንዴ ድንጋዩ ዋሻ አፍ ላይ ነበር፤ አንዴ መብረቅ የመታው ዛፍ ሥር፤ አንዴ ደግሞ ጥፊው ከመጠንከሩ የተነሣ ኮረብታውን ተንከባሎ ወርዶ ወፍጮው ውስጥ ገብቶ ዱቄት ሆኖ ወጥቷል። ሁለት ቀን ሙሉ አልጋው ላይ ተጋድሞ እውነቱን ከውሸቱ ሊለቅም ሞከረ። ሁሉም የሱ ነበር፤ ሁሉም ያማረ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የሁለቱም መንደር ሰው አናቱ ላይ ተሰበሰበ። አናቱ ድንጋያማ ነው፤ ከሣር በቀር አይበቅልበትም። የግሮስሃርት ሰባቶች አካፋ ይዘው ቆሙ። ከንቲባቸው ቋሊማና ዳቦ በቅርጫት አስይዞ መጥቷል፤ ድሉን እዚያው ሊበላው።

ፋይት ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ቆመ። "እዚህ።"

ቡርክሃርት አላየውም። "ዙሩ" አለ። ሰው ሁሉ፣ ከንቲባውም ሃርትሙትም፣ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን አዞረ። የአካፋ ድምፅ ተሰማ። "ባዶ" አለ ቡርክሃርት።

ፋይት ሃምሳ እርምጃ ሄደ። "እዚህ።"

"ዙሩ።" አካፋ። "ባዶ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ቀረዎት" አለ ሃርትሙት። "ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ።"

ኩኒጉንደ ተጠግታ በጆሮው "አታውቀውም" አለችው። ጥያቄ አልነበረም።

ፋይት ኮፍያውን አወለቀ። አገጩን ቀና አደረገ። በሰው መሐል አልፎ ቡርክሃርት ፊት ቆመ።

"ምታኝ።"

ቡርክሃርት በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ጣለበት። "ምን?"

"አባትህ እንደመታኝ። ግራ ጉንጬ ላይ። እጅህ የሱ እጅ ነው፤ ከሥጋ ቤቱ ጋር የወረስከው።"

"ለሦስቱ ምሰሶ ነው ወይስ ለድንበሩ?"

"ለድንበሩ ምታኝ፤ የምሰሶውን አንተ ጨምርበት።"

ቡርክሃርት ጨመረበት። የጥፊው ድምፅ ወፍጮ ቤት ድረስ ተሰማ ይባላል፤ ይህን ያለው ፋይት ስላልሆነ ማመን ይቻላል። የሽማግሌው ራስ ወደ ቀኝ ተወረወረ፣ ዓይኑ ቁልቁል ወደ መንደሩ ሄደ፣ እንባውም ሞላ። በእንባው ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ታየው፤ ጫፉ ላይ ነፋስ የሚያዞረው የናስ አውራ ዶሮ።

ያኔ መጣለት። ዶሮው። በሰባት ዓመቱ ጥፊው ሲያርፍበት ራሱ ዞሮ ዶሮውን አይቶ ነበር፤ ከወፍጮው ጭስ ማውጫ አፍ ላይ ልክ እንደ ክዳን ቁጭ ብሎ። ይህን ለማንም ተርኮት አያውቅም። ምን ያስቃል? ዶሮ ጭስ ማውጫ ላይ ቆመ፣ አለቀ። ስለማያስቅ አልነካካውም፤ ስላልነካካው እንዳለ ቆይቷል።

አሁን ዶሮው ከጭስ ማውጫው በስተግራ ርቆ ነበር። ፋይት ዓይኑን ሳይነቅል በአናቱ ላይ ወደ ጎን መራመድ ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ሰከረ ብሎ አየው። ዶሮው ቀስ እያለ ወደ ጭስ ማውጫው ተጠጋ፣ ተጠጋ፣ ወጣና ቁጭ አለበት። ፋይት ቆመ። ከእግሩ ሥር ከሣር በቀር ምንም የለም።

"እዚህ" አለ። "ካልሆነም ቅበሩኝ፤ ጉድጓዱ አይባክን።"

"ዙሩ" አለ ቡርክሃርት።

አካፋው ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ገባ። ከዚያ ቆመ። ፊቱን እንዳዞረ ከንቲባው በትከሻው ላይ ተናገረ፦ "ባዶ ነው በልና እንሂድ ቡርክሃርት፣ ቋሊማው እየቀዘቀዘ ነው።"

ቡርክሃርት ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ ነበር። ፋይትን በእጁ ጠራው። ፋይት ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከግሮስሃርት ምልክት ጎን የክሬባህ ምልክት፣ የራሱ አያቶች እንዳስቀመጡት ተቀምጧል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። በአንድ እፍኝ አፈር መልሶ መሸፈን ለቡርክሃርት ምንም አልነበረም።

"የኛ ምልክት ነው" አለ ጮክ ብሎ። "የነሱም አለ። ድንበሩ እዚህ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?" አለ ከንቲባው፤ ድምፁ ተቀየረ።

"አንተን በየስድስት ዓመቱ እንመርጥሃለን። እኔ ግን አንዴ ምያለሁ።"

ጉድጓዱ እስኪደፈን ማንም እንዳይዞር ተደረገ። ከዚያ ሃርትሙት ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቀዩን መስመር ሰረዘና በአናቱ ላይ አዲስ አሰመረ። "ክሬባህ ከግሮስሃርት ጋር መዋሃዷ ግን አይቀርም" አለ፣ ሳያያቸው።

"ያዋህዱን" አለች ኩኒጉንደ። "ጽሕፈት ቤቱን ይውሰዱት። እንጨቱን ግን እኛ እንቆርጣለን።" ከዚያም ወደ ፋይት ዞራ፣ "ነገ ና። ከሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ።"

"ሴት አልተለመደም።"

"ከአንተ ምስጢር መቀበልም አልተለመደም።"

ሃርትሙት የተደፈነው ጉድጓድ ላይ ሆኖ ቦርሳውን ሲዘጋ ፋይትን ከፊቱ ቆሞ አገኘው።

"አንድ ነገር ቀርቷል። መነጽርዎን ያውልቁ።"

"ለምን?"

"ድንበሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመ ሰው ነዎት።"

ሃርትሙት ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ይህ በየትኛው አንቀጽ ነው የተጻፈው?"

"የተጻፈው ምን እንደሚሆን እርስዎ ያውቃሉ" አለ ፋይት። "ባለፈው ዓመት ያሳተሙት እርስዎ አይደሉ?"

ሃርትሙት ከቡርክሃርት ርዳታ ፈለገ። ሥጋ ሻጩ የአካፋውን አፈር እያራገፈ ትከሻውን ነቀነቀ። "ልማዱ ነው፣ ጌታዬ። እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው።"

ወጣቱ ሹም አንድ ጊዜ ከንቲባውን፣ አንድ ጊዜ ሰዉን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ለኩኒጉንደ ሰጣት፣ ግራ ጉንጩንም አቀረበ።

ፋይት እጁን ሰነዘረ።

"አሁን ምን ይታይዎታል?"

ሃርትሙት ያለ መነጽሩ ቁልቁል አጨንቁሮ ብዙ ቆየ። "ዶሮ" አለ በመጨረሻ። "ጭስ ማውጫ ላይ።"

"እንዳይረሱት" አለ ፋይት፣ ኮፍያውንም አጠለቀ።