የጨጓራ መድኃኒት

ለሊሳ የክኒኑን እሽግ ከኪሱ አውጥቶ በፋርማሲው መስታወት ላይ ገፋ አደረገው። ከኋላው የቆመችው ሴትዮ እንዳታይ በትከሻው ከለለው።

"ይሄ የጨጓራ ነው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፋርማሲስቷ ገልበጥ አድርጋ አየችው። "አይ፣ የወሊድ መከላከያ ነው። ማን ነው የሚወስደው?"

"የሰው ነው" ብሎ እሽጉን መልሶ ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የአሉሚኒየም መስኮት ይሠራል። ወደ ሥራው መመለስ ነበረበት፤ እሱ ግን ወደ ቤት የሚወስደውን ታክሲ ያዘ። ዝማሬን ካገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ልጅ የለም። በቀደም እናቱ ወይዘሮ ገዲሴ ወደ ጓሮ ጠርተውት፣ "ሚስትህ ቦርሳ ውስጥ ክኒን አየሁ። ስጠይቃት የጨጓራ ነው አለችኝ። ጨጓራ ያለበት ሰው እንዲህ ሚጥሚጣ ይበላል?" ብለውት ነበር። ያኔ ስቆ አለፈው። ከዚያ ወዲህ ግን ሁሉም ነገር ይታየው ጀመር፤ ስልክ ሲደወልላት ወደ ውጭ መውጣቷ፣ ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት አንዳንድ ቀን ዘግይታ መምጣቷ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ መቆየቷ። ዛሬ ጠዋት እሽጉን ከቦርሳዋ አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

ፉሪ፣ ቤቱ ሲደርስ ዝማሬ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እሽጉን አልጋው ላይ ጣለው።

"ፋርማሲ ጠየቅኩ።"

"እኔን ሳትጠይቀኝ?"

"አንቺንማ እማ ጠይቃሽ ጨጓራ ነው ብለሻል። ከእኔ መውለድ አትፈልጊም? ወይስ ሌላ ሰው አለ?"

ዝማሬ በእጇ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀምጣ ተቀመጠች። "የወር አበባዬ ተዛብቷል። ለወራት ይጠፋል፤ ከመጣ ደግሞ አይቆምም። ልጆቹ ፊት ቀሚሴ የተበላሸ ቀን ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። ዶክተሯ ናት ያዘዘችልኝ።"

"ለመውለድ የፈለገ ሰው እንዳይወልድ መድኃኒት ይታዘዝለታል?"

"እኔም እንደዚሁ ብዬ ጠይቄያታለሁ።"

"ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?"

"እናትህ መካን እንዳይሉኝ። አንተም እንዳትለኝ።"

አነጋገሯ አስቀድማ የተለማመደችው መሰለው። "ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለ፣ እምቢ ትላለች ብሎ። "እሺ" አለች ወዲያው። ይህም አጠራጠረው።

በማግስቱ ነፋስ ስልክ ባለው ክሊኒክ ዶክተር አክሱማዊት በመጀመሪያ ወደ ዝማሬ ዞራ፣ "በፊቱ ልናገር?" አለቻት። ዝማሬ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

"እንቁላሏ በየወሩ አይወጣም" አለች ዶክተሯ። "የሆርሞን መዛባት ነው፤ በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ አረጋግጠናል። የማሕፀኗ ግድግዳ ለወራት ሲወፍር ይቆይና ነው እንደዚያ የሚፈስሳት። ክኒኑ ለጊዜው ደሙን ሥርዓት ያስይዝላታል፣ ማሕፀኗንም ይጠብቃል። ከዚያ እሱን አቁመን እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳ ሌላ መድኃኒት እንጀምራለን። በዚህ ታክመው የወለዱ ብዙ ናቸው።"

ለሊሳ ከብዶት የነበረው ነገር ቀለል አለው። "ስለዚህ ችግሩ የሷ ነው።"

"እንደዚያ አላልኩም። የእርስዎን ማን መረመረው? እርስዎም እንዲመጡ ከመጀመሪያው ነግሬያት ነበር። 'ይከፋዋል፣ መጀመሪያ የእኔን እንጨርስ' ብላ ነው የተወችው።"

ለሊሳ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ወለሉን ታያለች።

ኮሪደሩ ላይ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ገዲሴ ናቸው፤ ዝማሬ ያለችውንና ሐኪም ቤት እንደሚሄዱ ማታ ነግሯቸው ነበር።

"እህ? እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው እማ። ታማ ነው።"

"መካን ናት ማለት ነው?"

ዝማሬ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የእናቱ ድምፅ እሷም ጋ ይሰማል። አልዞረችም።

"አይደለችም። እኔም ገና አልተመረመርኩም" አለ ለሊሳ። "ከእኔ ሊሆን ይችላል።"

እናቱ፣ "ምን አስነካችህ?" አሉት። ደህና ዋዪ ብሎ ዘጋውና አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

"የምትመረመረው ለእኔ ብለህ ነው፣ ወይስ አሁንም ስላላመንከኝ?" አለችው ቀና ብላ።

ለሊሳ ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ሄዶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።