የማይሞቀው ላሜራ

ሙሚና ከሳውዲ ከተመለሰች ወዲህ፣ ሐይቅ ከተማ ወልድያ መውጫ ላይ ባለው የፈንታሁን ብየዳ ቤት ሙያ ትማር ነበር። ብረት መበየድ ቶሎ ገባት። ያስቸገራት ስስ አሉሚኒየም ነው።

«ብረት ሲግል ይቀላል፤ ተጠንቀቂ ይልሻል» ይላታል ፈንታሁን። «አሉሚኒየም ግን መልኩን ሳይቀይር ድንገት ዝርግፍ ይላል። ዓይንሽን ከቀለጠው ላይ አታንሺ። እንደ መስታወት ሲያበራ ፔዳሉን ላላ አድርጊና እለፊ። ከቆምሽ ይበሳል።»

ሙቀቱን የምትጨምረውም የምትቀንሰውም በእግሯ፣ በፔዳሉ ነበር። ብዙ ቁርጥራጭ ካበላሸች በኋላ እጇም እግሯም ተስማሙላት።

በዚያው ሰሞን ወንዱ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ። የአሉሚኒየም ጀልባው ተገልብጣ ደንገል መሐል ተገኘች፤ እሱ ግን አልተገኘም። ሚስቱ ሰርካለም ጎኗ የተሰነጠቀውን ጀልባ በአይሱዙ አስጭና መጣች።

«ሞተር የሚገጠምላት ሌላ ጀልባ የለችም» አለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች። «እሱን የምንፈልገው በሷ ነው። አፈር እንኳ ላልብሰው።»

ፈንታሁን ስንጥቁን በብሩሽ ፈትጎ ወደ ሙሚና ዞረ። «ለስስ ነገር የኔ እጅ ከብዷል። አንቺ ያዢው።»

ቀትር ላይ ነበር። «ቢስሚላህ» ብላ የብየዳ ማስኩን ፊቷ ላይ አወረደች። የስንጥቁ ግማሽ ያለ ችግር ሄደላት። መቀመጫው አጠገብ ስትደርስ ላሜራው አልቀልጥ አለ። ፔዳሉን ረገጥ አደረገችው። ምንም የለም። ጨመረችበት። ያኔ በአንዴ ቦግ ብሎ ተበሳ።

ማስኩን ገልጣ ራቅ ያለውን ቦታ በእጇ ጀርባ ነካ ብታደርገው ይፋጃል። ቀዳዳው አጠገብ ስትነካ ግን ደነገጠች። እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። የቅዝቃዜውን ዙሪያ በጣቷ ጫፍ ተከተለችው። ቅርጹ መዳፍና አምስት ጣት ነው፤ ከሷ እጅ የሚተልቅ፣ የወንድ እጅ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ንካት።»

ፈንታሁን ነካው፤ ወዲያው እጁን አነሳና አማተበ። «አሉሚኒየም እኮ ሙቀቱን ወዲያው ነው የሚያዳርሰው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ እየፈጀ እዚህ አይበርድም።»

ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን መቀመጫ አየ። እንዳትሰጥም ተብሎ አየር እንደያዘ ዙሪያው የተበየደ ሳጥን ነው፤ ቀዝቃዛው ቦታም እሱን ተጠግቶ ነበር።

«የታፈነ አየር ሳናስወጣ ማጋል አልነበረብንም። ይፈነዳል። ትራፓኖውን አምጪ።»

ሙሚና ሳጥኑን በትራፓኖው በቀጭኑ በሳችው። ትኩስ አየር ይመታኛል ብላ ፊቷን አዞረች። የወጣው ግን ብርድ ነው፤ ጭቃና ደንገል የሚሸት። ወጥቶ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሳበ፤ በዙሪያው የነበረውም የላሜራ ብናኝ ተከትሎ ገባ። ቆይቶ እንደገና ወጣ።

በሩ ላይ የነበረችው ሰርካለም ተጠጋች።

«እንቅልፍ ሲወስደው እንዲህ ነበር የሚተነፍስ» አለች።

ተንበርክካ አፏን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። «ወንዱዬ፣ በቃህ። ውጣ። እየፈለግንህ ነው።»

ትንፋሹ ቆመ።

ሙሚና ላሜራውን ስትነካው ሁሉም እኩል ሞቋል። ማስኩን እንደገና አወረደች። አሁን እሺ አላት፤ የተበሳውን ደፍና ስንጥቁን ጨረሰች። የሳጥኑን ቀዳዳ ግን ሰርካለም አይደፈን ብላ ለመነች፤ ፈንታሁንም ተወላት።

በማግስቱ ጠዋት የወንዱ ወንድም ሽታው ጀልባዋን ይዞ ሐይቁ ላይ ወጣ። ሩቅ አልሄደም። ደጋግመው የፈለጉበት ቦታ ላይ ሬሳው ተንሳፍፎ ጠበቀው።

ከቀብር መልስ ሽታው ብየዳ ቤት መጣ። «የቀኝ መዳፉ ተልጧል» አለ። «ውሃ ያደረገው አይመስልም። የጋለ ነገር የነካ ነው የሚመስለው።»

ሙሚና ከዚያ ቀን ጀምራ ከሥራ ቀረች። ቤቷ ተኝታ የራሷን እጅ ስታይ ትውላለች። በመጨረሻ አልችል ሲላት ለቅሶ ቤት ሄዳ ከሰርካለም አጠገብ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አለቻት።

ሰርካለም ጋቢዋን ከፍታ ሙሚናን አብራ አለበሰቻት።

«ሐይቁ እኮ ብርድ ነው» አለቻት። «ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሲንዘፈዘፍ፣ እሳት ያቀረበለት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

በሳምንቱ ሙሚና ወደ ብየዳ ቤቱ ተመለሰች።