ያደረ ውሃ

ኬሚስቱ አማቹን የናቀው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሰውየው ልጁን ሊያገባ መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቁጭ ሲል ነው። መነጽር ሠሪ ነው፤ ድምፁ ከጉሮሮው አያልፍም። ዘንድሮ ጡረተኛው ኬሚስት ሚስቱ ሞታበት ሴት ልጁ ቤት ሲገባ ደግሞ ንቀቱ የዕለት ሥራው ሆነለት። ከሁሉ ከሁሉ ሳሎኑን ያጣበበው የዓሣ ገንዳ ደሙን ያፈላዋል። ስድስት ቀያይ ዓሣ። ጢም ያወጣ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲ ይዞ ይንበረከክላቸዋል፤ አዲስ ውሃ ከመጨመሩ በፊትም ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ጠብታ እየቆጠረ ያንጠባጥባል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለው አንድ ቀን።

«የውሃ ማከሚያ ነው አባባ። የቧንቧው መድኃኒት ይጎዳቸዋል።»

«ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ክሎሪኑን ስጨምር የኖርኩት እኔ ነኝ። ባልዲ ውስጥ ክፍቱን ካደረ በንኖ ይጠፋል። ነጋዴ ተጫውቶብሃል።»

«ይሆናል አባባ» አለና መቁጠሩን ቀጠለ።

ይህች «ይሆናል» ሽማግሌውን አንገበገበችው። ሙግት እንኳ የማይሆንለት ወንድ፤ «ፈሪ» አለው በሆዱ።

አማቹ ለሦስት ቀን ሥራ ሌላ ከተማ ሲሄድ «ውሃውን ስመለስ እቀይረዋለሁ፤ ምግባቸውን ብቻ ስጪልኝ» ብሎ ለሚስቱ ሲነግራት ኬሚስቱ ሰማ። የዚያኑ ዕለት ሁለት ባልዲ ሞልቶ በረንዳው ላይ አሳደረ። በማግስቱ ልጁ ሥራ ስትሄድ የገንዳውን ግማሽ ቀድቶ ደፋና ያደረውን ውሃ ሞላበት። ጠርሙሷን ዘወር ብሎም አላያት። ከዚያ አማቹን ምን ብሎ እንደሚያሳፍረው እያሰላሰለ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዓሣዎቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። አንዱ በጎኑ ተኛ። ሌላው ተከተለው። ሽማግሌው ባልዲውን አሸተተ፤ ምንም አይሸትም። ስልኩን አነሳና ወደ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ደወለ። ያነሳችው ድሮ እሱ ሥር ብልቃጥ ታጥብ የነበረችው፣ አሁን የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆነችው ሴት ናት።

«ክሎሪኑን ምን አድርጋችሁታል?»

«ቀየርነው እኮ ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን አሞኒያ ይቀላቀልበታል። መስመሩ መጨረሻ ድረስ ሳይጠፋ እንዲደርስ ብለን።»

«ቢያድርስ?»

«ቢያድርም ቢሰነብትም ያው ነው፣ ማከሚያ ካልገባበት።» ቀጥላም «ማስታወቂያ አውጥተን ነበር» አለች።

እኔን ማን አማከረኝ ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠው።

ጠርሙሷን አወረደ። አማቹ የሠራለትን መነጽር አድርጎ ጀርባዋን ሲያነብ ሴትየዋ የነገረችው ሁሉ በደቃቁ ተጽፏል። ጠብታ እየቆጠረ አንጠባጠበ። ከስድስቱ ሁለቱ ተረፉ። ልጁ ማምሻውን ገብታ ገንዳውን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገባች።

አማቹ ሲመለስ ሽማግሌው በር ላይ ጠበቀው። በሽታ ገባባቸው ሊለው አስቦ ነበር። ሰውየው ሻንጣውን እንደያዘ ገንዳው ፊት ሲቆም ግን ውሸቱ አልወጣ አለው።

«እኔ ነኝ የፈጀኋቸው» አለ። «ያደረ ውሃ አድርጌባቸው።»

አማቹ ጎንበስ ብሎ የተረፉትን አያቸው። «እኔም አምና እንደዚሁ አሥራ አንድ ፈጅቻለሁ። ከዚያ ነው ጣቢያው ድረስ ሄጄ የጠየቅሁት።»

«ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ አባባ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ቅር ይልዎታል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አማቹ ቢሰድበው፣ ቢጮህበት በወደደ። ይህን ሁሉ ወር ሲንቀው የከረመው ሰው ለካ ሲያዝንለት ከርሟል። ክፍሉ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና «ፈሪ» አለ በሆዱ፤ ደግሞ «ፈሪ» አለ። እንደ ወትሮው ግን አልጣመውም።