የተፋቀው ማስታወሻ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ቆጣቢትም አልረሳችም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጥርሷን ስትቦርሽ፣ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ወንድሟን በሐሳቧ ፊቷ አቁማ ስታዋርደው ኖራለች። ሰው ቢጠይቃት "ይቅር ብዬዋለሁ" ትላለች። ውሸቷን ነው።

ቆጣቢት ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ስሙ የወጣላት ግን ስስታም ሆና አይደለም። ሥራዋ ሜሞሪ ማደል ነበር። በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ከርነል የሚባል፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሞቹ የሚሠሩበት ቦታ፣ ሜሞሪው፣ ውስን ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ከርነሉ ለአንዱ ይሰጣል፣ ከሌላው ይቀበላል፣ ጨርሶ አልመልስም ያለውን ይነጥቃል። ይህን የማደያ ክፍል የጻፈችው እሷ ናት። ደግሞም የጻፈችው ለአሳንሰር መቆጣጠሪያ ነው። የአሳንሰር ኮምፒውተር ትንሽ ናት፣ ሜሞሪዋ እፍኝ አይሞላም። ቆጣቢት ከዚያች እፍኝ ላይ ፍርፋሪ እንዳይወድቅ ሰባት ዓመት ስትጠብቅ ቆየች።

የምትሠራበት ድርጅት የአባታቸው ነበር። አባት የአሳንሰር ጥገና ቤት ከፍቶ፣ ሁለት ልጆቹን በዘይት በተነከረ ጨርቅና በብሎን መሐል አሳድጎ ሞተ። ታላቅየው፣ ጋሼ የምትለው ወንድሟ፣ አፈ ጮሌ ነው። ደንበኛ ያመጣል፣ እጅ ይጨብጣል፣ ክራቫቱ ከሸሚዙ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። እሷ የኋላ ክፍል ተቀምጣ ትጽፋለች። እናታቸው "ወንድምሽ ፊት ነው፣ አንቺ ሆድ ነሽ፤ ፊትና ሆድ ምን ያጣላቸዋል?" ትል ነበር። ቆጣቢትም ታምናት ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ወለደች። ገና አራስ ሳለች ጋሼ ሶፍትዌሩን በራሱ ስም አስመዘገበና ከየፋይሉ ራስ ላይ ስሟን አስፋቀ። ስሟን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከኋላዋ ለሚመጣ ፕሮግራመር ብላ በኮዱ መሐል የጻፈቻቸውን ማስታወሻዎች ሳይቀር አስጠረጋቸው፤ በየማስታወሻው ግርጌ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል የማኖር ልማድ ነበራትና። ለሠራተኞቹ ደግሞ "ወሊዱ አእምሮዋን ነክቷታል፣ አታስጨንቋት" ብሎ ነገራቸው። ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የድሮ ጓደኞቿ እንደ በሽተኛ እያባበሉ እስከ በሩ ሸኟት። እጀ አመድ አፋሽ ማለት እሷ ናት።

የዚያን ቀን እናቷ ቤት ሄዳ፣ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እናቷ ፀጉሯን እየደባበሰች "ታላቅሽ ነው፣ ቻይው" አለቻት። ቻለችው። አልተወችውም እንጂ ቻለችው።

ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ የሕንፃ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የአሳንሰር ሶፍትዌር መርማሪ አድርጎ ቀጠራት። በተቀጠረች በስምንተኛው ወር ጠረጴዛዋ ላይ ያረፈው ፋይል የጋሼ ነበር፤ ለአዲስ ሕንፃ አሳንሰር ፈቃድ የሚጠይቅ። ዝምድናውን አልደበቀችም፤ ግን በመሥሪያ ቤቱ የከርነል ኮድ አንብቦ የሚገባው ሌላ ሰው አልነበረም። አለቃዋ "ለሥጋ ሳይሆን ለደንቡ ታደያለሽ" ብሎ አስፈረማት። እሷም ፈረመች።

አስራ አንድ ቀን አነበበች። አሳንሰሩ ውስጥ ያለው የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ኮድ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከርነሉ ሜሞሪ የሚጠይቅ ኮድ ሁሉ፣ ሜሞሪ ከታጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መናገር አለበት። ወይ "እጠብቃለሁ" ይላል፣ ወይ "አልጠብቅም፣ የለም በለኝና ልሂድ" ይላል። በሌላው ቦታ መጠበቅ ነውር የለውም፤ አንዱ ፕሮግራም ጨርሶ ሲመልስ ተራው ይደርሳል። የአደጋ ቁልፉ ግን ሲነካ ሌላው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይቆምለታል። እሱ ሜሞሪ እስኪመልሱለት ይጠብቃል፣ እነሱ እስኪያልፍ ይጠብቁታል። ጠባብ በር ላይ ተገትሮ፣ ውስጥ ያሉት ዕቃ ይዘው እስኪወጡ የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም።

እዚያ ቦታ ላይ ድሮ ማስታወሻ ነበር። "እዚህ አትጠብቅ። ሜሞሪ ከሌለ ባዶ እጅህን ተመለስ፤ ከጠበቅህ ሁሉም ይቆማል" የሚል፣ ከሥሩ ፊደሏ ያለበት። ከስሟ ጋር ተፍቋል። በሷ ወንበር የተቀመጠው ምስኪን ምክንያቱን የሚነግረው ሲያጣ፣ "አልጠብቅም" የሚለውን "እጠብቃለሁ" አድርጎ አሻሽሎታል። ሜሞሪ እስካለ ድረስ ጉድለቱ አይታይም። ዓመት ሙሉ ላይታይ ይችላል።

አንድ ቃል ነው። ሪፖርት ብታደርግ ጋሼ ከምሳ በፊት አስተካክሎት ፈቃዱን ይወስዳል፤ ይባስ ብሎ "ቡድናችን ያገኘው ነው" ይላል። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነበር። ኮዱን የጻፈችው እሷ እንደሆነች በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት እንዲናገር ነበር የምትፈልገው፤ ከዚያ ያነሰ አንጀቷን አያርሰውም። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ስለ ጉድለቱ ትንፍሽ አላለችም። መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ አንድ ፈተና ጠየቀች፤ በርክክቡ ዕለት፣ በዚያችው ኮምፒውተር የሚሠሩት የየፎቁ ስክሪኖች ሁሉ በርተው፣ የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ተሳፍሮ የአደጋ ቁልፉን እንዲጫን። ፍሬኑ ሜካኒካል መሆኑን፣ አሳንሰሩ ቢቆም እንጂ እንደማይወድቅ ሁለት ጊዜ አረጋግጣለች። ክፉ ብትሆንም ነፍሰ ገዳይ አይደለችም።

ዕለቱ ደረሰ። ረፋድ ላይ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት አስራ ስምንት ፎቅ ሕንፃ፤ የእጅ መደገፊያው ከነላስቲኩ ነው። ምድር ቤት፣ የጥበቃው ጠረጴዛ አጠገብ ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ቆሟል፤ ሰብሳቢዋና ሁለት መሐንዲሶች። ጠረጴዛው ላይ ከአሳንሰሩ ጋር መነጋገሪያ ድምፅ ማጉያ ከነማይኩ አለ፤ ደንቡ በሌላ ሽቦ ይዘርጋ ስለሚል ከኮምፒውተሩ ጋር ግንኙነት የለውም። የኃይል ማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ዘንድ ደግሞ ሽማግሌው ቴክኒሻን አለ፣ ከአባቷ ጋር ገመድ ሲስብ የኖረ።

ጋሼ ገባ፤ ክንዱን እናታቸው ይዛለች። ግራጫ ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። እንደምትመጣ ቆጣቢት አልሰማችም ነበር።

"እማዬ፣ አንቺ እዚህ አረፍ በይ። እሱ ብቻ ነው የሚሳፈረው።"

"ምን በወጣኝ!" አለች እናቷ። "ልጄ የሠራውን እኔ ካልተሳፈርኩበት ማን ሊሳፈርበት ነው?"

ቆጣቢት አሁን ልታስቆመው ትችል ነበር። ፈተናውን ለነገ ብትል የሚቀየማት የለም። ግን "ልጄ የሠራውን" የምትለዋን ቃል ልታልፋት አልቻለችም።

"ግቢ እሺ" አለቻት።

በሩ ተዘጋ። ቆጣቢት ላፕቶፗን ከፍታ የአስራ ስምንቱንም ፎቅ ስክሪኖች ባንድ ጊዜ ሥዕል እንዲጭኑ አዘዘቻቸው። የተረፈው ሜሞሪ ቁጥር ሲያሽቆለቁል አየች። አሳንሰሩ ሰባተኛን አለፈ።

"ጋሼ፣ የአደጋ ቁልፉን ተጫን" አለች በማይኩ።

ተጫነ። ምድር ቤት ያለው ስክሪን ግማሽ ሥዕል ላይ ደርቆ ቀረ። ላይ ቤት ፍሬኑ ጓ ብሎ ያዘ። የአሳንሰሩ መብራትና ማራገቢያም በዚያችው ኮምፒውተር ስለሚታዘዙ አብረው ጠፉ።

"ምንድነው? ጨለመ እኮ!" አለ ጋሼ በድምፅ ማጉያው።

"ቆሟል።"

"አስነሺዋ!"

"የቆመው ኮድህ ነው። ለምን እንደቆመ ለሰብሳቢዋ አስረዳና ይነሣል። የጻፍከው አንተ አይደለህ?"

ጋሼ ቁልፎቹን ደጋግሞ ሲጫን ተሰማ። ከዚያ "ሞተሩ ይሆናል" አለ።

"ሞተሩ ደህና ነው።"

"መብራት ተቋርጦ..."

"መብራትማ ይኸው አለ። የሜሞሪው ክፍል ነው ጋሼ። እሱን ማን ጻፈው?"

አንደኛው መሐንዲስ ጫማውን ማየት ጀመረ። ድምፅ ማጉያው የሁለት ሰው ትንፋሽ ያመጣል፤ አንደኛው አጭርና ፈጣን ነው። አራት ደቂቃ አለፈ።

"አንቺ ነሽ!" ጮኸ ጋሼ። "ሁሉንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው! እኔ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ስምሽን አስፍቄ የኔ ነው ብያለሁ፣ በሽተኛ ናት ብዬ አስወርቻለሁ። በቃሽ? እማዬ እኮ ላብ አጥምቋታል!"

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ቃል፣ ከነድምፁ መሰባበር፣ ሦስት ምስክር ፊት። ሰብሳቢዋ ስትጽፍ አየች። ቴክኒሻኑ እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ "አጥፍቼ ላብራው?" አላት። አጥፍቶ ማብራት ከርነሉን እንደ አዲስ ያስነሣዋል፤ ሌላ መድኃኒት የለውም። እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

"እሱን ተይው" አለች እናቷ በጨለማው ውስጥ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "ያስፋቅኩት እኔ ነኝ። እሱማ አመንትቶ ነበር። ልጅቷ ወልዳለች፣ ከእንግዲህ የባሏ ቤት ሰው ናት፣ የአባታችሁ ሥራ በወንድ ልጁ ስም ይኑር ያልኩት እኔ ነኝ። በሽተኛ ናት በላቸው ያልኩትም እኔ። ያንቺ ሥራ መሆኑን አውቅ ነበር።"

ቆጣቢት ያን ቀን ተደፍታ ያለቀሰችበት ጉልበት ትዝ አላት፤ ፀጉሯን የደባበሰው እጅ ትዝ አላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቷ አቁማ የሰደበችው ሰው ተላላኪ ነበር። ቅቤው ሆዷ ውስጥ ወደ እሳት ተለወጠ።

"ላብራው?" አለ ቴክኒሻኑ።

"ገና ነው።"

"ፈተናው አላለቀም እንዴ?" አለች ሰብሳቢዋ።

"አላለቀም።" አልቋል። የሚፈተን ነገር አልቀረም።

"ልጄ" አለች እናቷ። "ልቤን... አየር አጠረኝ። አውጪን።"

ቆጣቢት ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ደቂቃ። "ትንሽ ቻይው እማዬ" አለች በማይኩ፣ ረጋ ብላ።

ቴክኒሻኑ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ ማንንም ሳያይ ኃይሉን አጠፋ፣ አምስት ቆጠረ፣ አበራ። አሳንሰሩ አቃስቶ መውረድ ጀመረ።

በሩ ሲከፈት ጋሼ ክራቫቱን አውልቆ እናቱን ያራግብባት ነበር። ጥበቃው ወንበር አመጣ፤ አስቀመጧት፣ ውኃ አጠጧት። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሰብሳቢዋ ፈቃዱ መከልከሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። አፈ ጮሌው ጋሼ ሳይከራከር ተቀበለ።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ወደ ቆጣቢት ዞረች። "አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰዎቹ ከመግባታቸው በፊት ጉድለቱን ያውቁት ነበር?"

አላውቅም ብትል የሚያሳብቅባት የለም። በመሥሪያ ቤቱ ያንን ኮድ ከሷ ሌላ ያነበበው ሰው የለም። ጉድለቱን ማግኘቷ ግን ከሥራም ሥራዋ ነበር፤ ባነበበችው ሁሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ረቂቅ ጉድለት አግኝታ አታውቅም። እሱንም ደግሞ "አላየሁም" ብላ በገዛ እጇ ልትፍቀው አልሆነላትም።

"አውቅ ነበር" አለች። "ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ። እሷ ስትገባም አውቅ ነበር።"

እናቷ ከወንበሩ ቀና ብላ አየቻት። ቁጣም ልቅሶም አልነበረባትም፤ የሚያውቀውን ሰው እንዳገኘ ሰው ነው ያየቻት። ዓይኗን ቀድማ የሰበረችው ቆጣቢት ናት። ሰብሳቢዋ የመርማሪነት መታወቂያዋን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።