የፈንታነሽ የውሃ ተራ

ጣሊያን ውሃ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ሲሾም ውሃው ራሱ ሳይሰማ አልቀረም፤ በዚያ ዓመት የማርያም ምንጭ ከወትሮው ቀድሞ ቀጠነ።

ምንጩ የሚፈልቀው ከጉና ግርጌ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ከሚወስደው መንገድ በላይ ነው። በበጋ አንድ ቦይ ይዞ ይወርዳል፤ ገበሬው ሁሉ ተራውን ጠብቆ ገብሱንና ሽንኩርቱን ያጠጣል። ተራውን የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. የውሃ አባት ግራዝማች ይርጋ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይጨምር ሽማግሌ። በጥር ወር የጣሊያን ጦር ከምንጩ በታች ሰፈረና ካፒታኑ፣ ከእንግዲህ ውሃው ሁሉ የመንግሥት ነው፣ የሚቆጣጠረውም ኮሚሲዮን ነው ብሎ አሳወጀ። በዚያው አዋጅ፣ ሽፍታ የተለቀሰበት ቤት ይቃጠላል የሚል ቃል ነበረበት። ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነው።

የኮሚሲዮኑ አባላት ግራዝማች ይርጋ፣ የማርያም ደብር የቅኔ መምህር መሪጌታ ተክሌና የካፒታኑ አስተርጓሚ ካሳሁን ሆኑ። ካሳሁን የደብረ ታቦር ከተማ ልጅ ነው፤ ምጽዋ ወርዶ ጣሊያንኛ የተማረ፣ ጫማውን በየቀኑ የሚያስጠርግ ወጣት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልቁ ወይራ ሥር ተሰበሰቡ።

«ኮሚሲዮን ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ተሰብስቦ መምከር ነው፣ ግራዝማች።»

«ካፒታኑ ብቻውን መክሮ ከጨረሰ በኋላ እኛ የምንመክረው ምን ቀርቶ ነው?»

«ምን ቸገረዎት!» አሉ መሪጌታ ተክሌ። «ቀዳሹ ሲጨርስ ‹አሜን› የሚል ሕዝብ ያስፈልግ የለም? እኛ ‹አሜን› ነን።»

ካሳሁን ከልቡ ሳቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ሳቁን አልወደዱለትም፤ ከጣሊያን ማዕድ የሚበላ ሰው ሲስቅ ምኑ እንደሚያስቀው አይታወቅም።

የኮሚሲዮኑ የመጀመሪያ ‹አሜን› ለሠፈሩ በቅሎዎችና ለጭነት ካሚዮኖቹ የሚሆን ውሃ መልቀቅ ነበር። ካፒታኑ በአለንጋው ጫፍ ወደ ቅርቦቹ ማሳዎች አመለከተ፤ የእነዚያ ማሳዎች ተራ ለሠፈሩ ሆነ። ከእነርሱ አንዱ የፈንታነሽ ማሳ ነው።

ፈንታነሽ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ያላት ሴት ናት። ልጇ ሙላቴ ጣሊያን በገባ በዓመቱ ጫካ ገብቷል። ሙላቴን ክርስትና ያነሡት ግራዝማች ይርጋ ስለሆኑ እርስዋና እርሳቸው አበልጅ ናቸው፤ በዚያ አገር አበልጅ ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም። ተራዋ ከተወሰደ ወዲህ በየማለዳው ትመጣ ነበር።

«እንዴት አደሩ፣ አበልጄ? ኮሚሲዮንዎ ደኅና አደረ?»

«ደኅና ነው። አንቺስ?»

«እኔ ደኅና ነኝ፤ የታመመው ገብሴ ነው። ጫፉ ቢጫ ሆነ።»

«ትንሽ ታገሺ፣ ፈንታነሽ።»

«እኔስ እታገሣለሁ፤ ገብስ የኔታ ዘንድ ገብቶ ትዕግሥት አልተማረም። ልጄ ይህ ክፉ ቀን አልፎለት ሲገባ በምን ልድረው? የልጅቱ ቤተ ሰቦች እስካሁን ቃላቸውን አላጠፉም። የሠርጉን ጠላ ከዚህ ገብስ ነው የምጠምቀው ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬ፣ አሁን የማን መሳቂያ ልሁን?»

ግራዝማች ዓይናቸውን ወደ ጉና አነሡ። ሙላቴ ሞቷል። ከርብ ወንዝ ማዶ በተደረገ ውጊያ ወድቆ ጓደኞቹ እንደ ቀበሩት፣ አንድ ጨው ነጋዴ በገሳይ ገበያ ጨው የሚመርጥ መስሎ ጆሯቸው ላይ ተናግሯል። እርሳቸውም የነገሩት ለመሪጌታ ተክሌ ብቻ ነው።

«ሠፈሩ ወደ ነፋስ መውጫ ሊነሣ ነው ይባላል» ብለው ነበር መሪጌታ። «እነዚህ ዘወር ይበሉና ያን ጊዜ እናርዳት። ትጩህ፤ ጉናን ትሰንጥቀው። አሁን ከጮኸች ግን ልጇንም ቤቷንም በአንድ ቀን ነው የምትቀብረው።»

«ለካሳሁንስ? አብረን ተሹመናል፤ ካፒታኑ ዘንድ ያለውን ወሬም እርሱ ያውቃል።»

«ለባንዳ? ይልቅ ክብሪት ይዘው ይሂዱና ጣሪያዋን በእጅዎ ይለኩሱት!»

ስለዚህ ዝም አሉ።

እዚህ ላይ ስለ አገሩ ልማድ መናገር ያስፈልጋል። ሞት የገባበት ቤት ሰው እስከ አርባው ድረስ ዶማ አይጨብጥም። በመርዶው ማግስት ጎሕ ሲቀድ የውሃ አባት፣ ተራ ሳይጠይቅ፣ ቦዩን ወደ ሐዘንተኛው ማሳ ይመልሰዋል፤ ጎረቤትም ወርዶ ያጠጣለታል። የውሃ አባት ከተራ ውጪ ውሃ የሚልከው ለሌላ ለማንም፣ ለወንድሙም ቢሆን፣ አይደለም። ይህን ልማድ ለካሳሁን የነገረው ሰው የለም። ሽሽግ ሆኖ አይደለም፤ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል ብሎ ለሰው የሚነግር ስለሌለ ነው።

ካሳሁን ደግሞ ሌላ ነገር ያውቅ ነበር። ርብ ማዶ የወደቁት አርበኞች ጠመንጃ ወደ ሠፈሩ ሲመጣ ወሬውን ለካፒታኑ የተረጎመው እርሱ ነው፤ የሙላቴን ስም በገዛ አፉ ጠርቶታል። ለሽማግሌዎቹ ግን አልነገራቸውም። ለአበልጅነታቸው ብለው ያረዷታል፣ እርስዋም ትጮኻለች፣ ቤቷም ይነዳል ብሎ ፈራ። እንዲህ ሆኖ ሦስቱ የኮሚሲዮን አባላት አንዱን ምሥጢር ሁለቱ ከአንዱ፣ አንዱም ከሁለቱ ደብቀው በአንድ ወይራ ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር።

ካሳሁን በየቀኑ በፈንታነሽ ማሳ ዳር ሲያልፍ ቢጫ የሆነውን ገብስ ያያል። እርስዋም፣ ባንዳ ነው ብላ ሰላምታ ብትነፍገውም፣ የሞተ ልጇን ሠርግ ለአላፊ አግዳሚው ስታወራ ይሰማታል። በመጨረሻ አልቻለም። የሠፈሩን ውሃ ለሚጠብቀው የኤርትራ ወታደሮች አለቃ፣ ለሹምባሹ፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ ሰጥቶ የአንድ ማለዳ ውሃ ለመነ። ጎሕ ሲቀድ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የቦዩን አፍ በሣርና በጭቃ ደፍኖ ውሃውን ወደ ፈንታነሽ ገብስ መለሰው። ቦይ መክፈት አያውቅበትምና እስከ ወገቡ በሰበሰ። ከዚያም በሯን አንኳኳ።

«እሜቴ ፈንታነሽ፣ ውሃ መጥቶልዎታል።»

«ተራዬ አይደለም።»

«ግድ የለም፣ ያጠጡበት።»

«ማን ነው የላከው?»

ካሳሁን አመነታ። ከእርሱ እጅ ውሃ እንደማትቀበል ያውቃል።

«ግራዝማች ይርጋ» አላት።

ፈንታነሽ የበሩን መቃን ያዘች። «አበልጄ? ራሳቸው ናቸው የላኩት?»

«ራሳቸው ናቸው።»

«ከተራ ውጪ?»

«ከተራ ውጪ፤ ለእርስዎ ብለው» አላት ካሳሁን፣ በደግነቱ ደስ ብሎት። «ደስ ይበልዎት እንጂ፣ እናቴ!»

እርስዋ ዶማዋን ከግድግዳው አንሥታ ወደ ማሳዋ ወረደች።

ግራዝማች ይርጋ ከኮረብታቸው ላይ ሆነው የዕለቱን ውሃ ሊያዩ ሲወጡ፣ ፀሐይ በፈንታነሽ ገብስ መካከል ውሃ ላይ ስታብረቀርቅ አዩ። ሮጡ። ምርኩዛቸውን እንኳ አላነሡም፤ እርሳቸው ሲሮጡ ከዚያ ቀን በፊት ያየ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ሲደርሱ ፈንታነሽ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ በዶማዋ ውሃውን ከፈር ወደ ፈር ትመራለች። ከቦዩ ዳር ወታደሮች ባልዲ እየሞሉ ይቀላለዳሉ።

«ማን ከፈተው?» አሉ ግራዝማች፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«እርስዎ ከፈቱት ተባልሁ» አለች ቀና ሳትል። «የት ነው የወደቀው?»

 ከዚህ በኋላ ዝምታ ማንንም አይሸፍንም ነበር።

«ርብ ማዶ።»

«አፈር አገኘ?»

«አግኝቷል። ጓደኞቹ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቀብረውታል።»

«መቼ ሰሙ?»

«ባለፈው የገሳይ ገበያ።»

«እንግዲያስ እኔ ስለ ሠርግ ጠላ ስለፈልፍ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

አንድ ፈር ሞላ፤ አፉን ደፍና ወደሚቀጥለው መራችው። «ይሂዱ፣ አበልጄ። ወታደሮቹ ያያሉ። ፊትዎ ሐዘንተኛ መስሏል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ዶማ ይዣለሁ፤ ምን እመስላለሁ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ግን መጮህ አለብኝ። ይህን በሆዴ ይዤ ማምሸት አልችልም። ይህን ያህል አገር እያለ፣ ሰው ቤቱ ሳይነድበት የሚጮህበት አንድ ቦታ እንዴት ይጠፋል?»

ግራዝማች ይርጋ ብዙ ዘመን ውሃ አካፍለዋልና ውሃ የተነጠቀ ሰው እንዴት እንደሚጮህ ያውቃሉ።

«ዛሬ ኮሚሲዮኑ ይቀመጣል» አሏት። «ተራዬ ተወሰደብኝ ብለሽ ነይ። ስለ ውሃ የጮኸ ሰው ቤቱ አይቃጠልም።»

ረፋዱ ላይ ከወይራው ሥር ያን ያህል ሕዝብ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ከላይ መንደር፣ ከታች መንደር፣ ውሃ ተራ የሌላቸው ሳይቀሩ መጡ፤ ጎሕ ላይ ውሃው የት እንደፈሰሰ ሁሉም አይቷል። ነጠላውን ያዘቀዘቀ ግን አንድም ሰው የለም። ፈንታነሽ ከሦስቱ ዳኞች ፊት ቆመች።

«አቤት!» አለች። «ተራዬን ተቀማሁ! አቤት!»

ከዚያ ቃል አልነበረም። ጩኸቱ ከወይራው ወጥቶ ዳገቱን መታና ተመለሰ። ጎረቤቷ ብዙነሽ «እኔም ተቀምቻለሁ!» ብላ ተቀበለቻት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ወንዶቹ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። መሪጌታ ተክሌ አቤቱታውን የሚያዳምጡ መስለው አንገታቸውን ደፍተው ፍትሐቱን በከንፈራቸው ያደርሱ ጀመር።

ካሳሁን ወደ ግራዝማች ጆሮ ጠጋ አለ። «ምንድን ነው ይህ? ውሃ አልደረሳትም እንዴ? እኔ ራሴ...»

«በስሜ የላክኸው አንተ ነህ?»

«ከእኔ አትቀበልም ብዬ ነው።»

«የውሃ አባት ከተራ ውጪ ውሃ የሚልከው ልጅ ለሞተበት፣ ባል ለሞተበት ብቻ ነው» አሉት፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልጨመረም። «አንተ ነህ ያረዳሃት።»

ካሳሁን ወደ ፈንታነሽ ተመለከተ። «መሞቱን አውቅ ነበር። እንዳትሰማ ብዬ ነበር የደበቅኋችሁ።»

«እኛም እንዳትሰማ ብለን ነበር የደበቅንህ።»

በዚህ መካከል ካፒታኑ አንድ ጉንጩን ተላጭቶ፣ በአንዱ ላይ የሳሙና አረፋ እንደያዘ ከድንኳኑ ወጣ። ኋላውም ሹምባሹ ተከተለ፤ ሹምባሹ ሐማሴን ያደገ ነውና ለቅሶን ከአቤቱታ ለመለየት አስተርጓሚ አያሻውም።

«ይህች ሴት ምን ሆና ነው?» አለ ካፒታኑ።

«የውሃ ተራዋ ተወስዶባት ነው፣ ጌታዬ» አለ ካሳሁን በጣሊያንኛ።

«ለውሃ እንዲህ ይለቀሳል?»

«አንድ ማሳ ነው ያላት። ሌላ የላትም።» ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ካፒታኑ ሴትዮዋን ትኩር ብሎ አያት። ምናልባት እርሱም የገበሬ ልጅ ይሆናል፤ ክፉ ሰው ሁሉ ሁልጊዜ ክፉ ቢሆን ኖሮ ኑሮ በቀለለ። እጁን አነሣ። «ተራዋ ይመለስላት። ሠፈሩ ከታችኛው ወንዝ ይቅዳ። ንገራት!»

ካሳሁን ነገራት። 

ፈንታነሽ ገና መጀመሯ ነበር። የልጇን ቁመት አልጠራችም፣ ጀግንነቱን አላወሳችም፣ ደረቷን አልመታችም። ነገር ግን ፍርድ ተሰጠ፤ የተፈረደለት ሰው ደግሞ አያለቅስም።

«ለምን ደስ አይላትም?» አለ ካፒታኑ፣ ቅር ብሎት።

ሹምባሹ የሴቶቹን ፊት እያየ፣ ቀስ ብሎ ወደ ወይራው ተራመደ። ግራዝማች ይርጋ ሊነሡ ምርኩዛቸውን ፈለጉ፤ ኮረብታው ላይ ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ ፈንታነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ቀና አለች፣ እልል አለች። ብቻዋን፣ ረዘም አድርጋ፣ ሙሽራ ሲገባ እንደሚባለው። ከዚያ ብዙነሽ አገዘቻት። ከዚያም ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ፤ እንባቸው ግን አልቆመም። ካፒታኑ ፈገግ ብሎ እጅ ነሣና ሌላውን ጉንጩን ሊላጭ ተመለሰ። ሹምባሹ ጥቂት ቆሞ ሄደ።

ፈንታነሽ ወደ ማሳዋ ስትወርድ ካሳሁን ተከተላት። ውሃው ፈሩን ሁሉ ሞልቶ በየዳሩ ይፈስ ነበር፤ ገብሱም ቀና ብሏል። ጫማውን አውልቆ ወደ ውሃው ገባ።

«ዶማውን ይስጡኝ፣ እናቴ» አለ። «ሐዘንተኛ ዶማ አይዝም አሉኝ።»

ከቦዩ ዳር ወታደሮቹ አሁንም ነበሩ። ፈንታነሽ አያቸው፤ ቀጥላም እርሱን አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጋ።

«እኔ ፍርድ ያገኘሁ ሴት ነኝ» አለችው። «ሂድ ልጄ፤ ጫማህን አድርግ፤ ይበርድሃል።»

ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ፈንታነሽ ጭቃና ሣር አፍሳ የማሳዋን አፍ ደፈነች፤ በእግሯም ረገጠችው። ውሃው ጥቂት አመነታና ወደ ብዙነሽ ማሳ ሄደ። የተራው ሰዓት ደርሶ ነበርና።