ቅቤ ሳይሸተት

ናዝራዊት ሥራ መፈለግ ከጀመረች ስምንት ወር ሆናት። ሙያዋ የስልክ አፕ ሰው ሳይደናገር እንዲጠቀምበት አድርጎ መንደፍ ነው፤ ሶዶ ውስጥ ግን ይህን ለሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አባቷ አቶ ደገፉ የሚያውቁት የሥራ ፍለጋ በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጀምረውን ነው። የትምህርት ማስረጃዋን ሁሉ ማኅተም አስመትተው ሰጧት፤ እሷም ስካን አድርጋ ለአርባ ድርጅቶች ላከች። ማመልከቻዎቹን ውሃ በላቸው።

በመጨረሻ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት መለሰላት። «ሰርተፍኬቱ ይቆየን። ከነደፍሻቸው ሥራዎች አንዱን ለሚጠቀምበት ሰው ሰጥተሽ ምን እንደገጠመው አሳዪን። እስከ ዓርብ።»

የነደፈችው ሥራ እንኳ ነበራት፤ ቅቤ ነጋዴዎች ዋጋ የሚያወጡበት አፕ። ሲያዩት ያምራል። ወንድሟ ፋኑኤል «አሪፍ ነው» አላት። አብረዋት የሚዘምሩት ጓደኞቿ «ጌታ ይባርክሽ» አሏት። ጎረቤቱ ሁሉ አመሰገነ፤ አፑን ከፍቶ እስከ መጨረሻው የደረሰ ግን አንድም አልነበረም። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ናዝራዊትን ግን እንጀራዋን ሊያሳጣት ደረሰ።

ስለዚህ ሚኒባስ ይዛ ሻንቶ ገበያ ወረደች። አክስቷ ፈጠነች እዚያ ቅቤ ስትሸጥ ሃያ ዓመት አልፏታል።

«አክስቴ፣ ይሄን የሠሩት የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። እስቲ ሞክሪው» አለቻት በወላይትኛ። ውሸቷን መንገዱን ሙሉ ስታጠና ነበር የመጣችው።

ፈጠነች ቅቤ በነካው ጣቷ ነካካችው። ጣቷ አዳለጣት፤ ቁልፎቹም ጠበቧት። የሱፐርማርኬት ጋሪ ሥዕል አየችና «ቅቤ በጋሪ ነው የሚገፉት?» አለች። አፑ ገዢ ሳይመጣ «ዋጋ አስገቢ» ብሎ ሲይዛት ጊዜ ስልኩን መለሰችላት።

«ቅቤ ሳይሸተት ዋጋ ይጠራል? ይሄን የሠራ ሰው ገበያ ገብቶ አያውቅም። የቀጠረው ካለ ተታሏል።»

ናዝራዊት አምስት ወር የደከመችበት ነው፤ ማልቀስ አማራት። ግን አንገቷን ደፍታ የተባለውን ሁሉ ጻፈች።

ቤቷ ገብታ ቁልፎቹን አሰፋች፤ ጋሪውን አወጣች፤ ዋጋውም ገዢና ሻጭ ተገናኝተው ቅቤው ከታየ በኋላ እንዲገባ አደረገች። የአክስቷን ቃል ምንም ሳታለሳልስ ተርጉማ ከላይ አስቀመጠችው። ከሥሩ «የተሰደበውን የነደፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችና ዓርብ ጠዋት ላከችው።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራውን አገኘች። መጀመሪያ የደወለችው ለአክስቷ ነው፤ እውነቱንም ነገረቻት።

«ያንቺ ነበር?» አለች ፈጠነች። «ምነው ልጄ፣ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እንዴት ያምራል እልሽ ነበር እኮ!»